አርሰናልን ወንዝ ያሻገረው ሄንሪ ኖሪስ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ የገባ እንግዳ ኳስ የሚታይበትን ቤት ለማግኘት ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም። ቀይ ማልያ የለበሱትን ልጆች ተከትሎ መሄድ ይበቃዋል። ከገበዝ ማርያም ገጠር ለጉዳይ ከተማ የወጣው ጎረምሳ እንኳ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ሰዓት የሚቆርጠው መድፈኞቹ የሚጫወቱበትን ሰዓት አይቶ ነው። እነዚህ ልጆች ስለ ቲየሪ ሄንሪ፣ ስለ በርካምፕና ስለ ቬንገር ቢጠየቁ እስኪመሽ ያወራሉ። ሄንሪ ኖሪስ ማን ነው ቢባሉ ግን አብዛኞቹ ዝም ነው የሚሉት። ይህ ሰው ባይኖር ኖሮ ደግሞ የሚደግፉት ክለብ እስከ ዛሬ መቆየቱ ራሱ ያጠራጥር ነበር።

አርሰናል ማለት የጦር መሳሪያ ግምጃ ቤት ማለት ነው። ክለቡ የሚገኘው ሰሜን ለንደን ውስጥ ነው። ስሙን የሰጠው የመሳሪያ ፋብሪካ ግን የነበረው በደቡብ ምስራቅ ለንደን፣ ከቴምስ ወንዝ ማዶ፣ ዉልዊች በተባለው ሰፈር ነው። ስሙ ከወዲያ ማዶ፣ ሜዳው ከወዲህ ማዶ የሆነው ኖሪስ በ1913 በወሰደው አንድ እርምጃ የተነሳ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እርምጃውም የከሰረ ክለብን ከተወለደበት ሰፈር ነቅሎ መውሰድ ነበር።

ነገሩ ለአገራችን ደጋፊም ባዳ አይደለም። አዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት በተዘጋባቸው ዓመታት ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ካታንጋን፣ ሚስማር ተራንና ከማን አንሼን ትተው ከከተማ ከተማ ሲዞሩ ታይቷል። በ2020/21 የውድድር ዘመን ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ፋሲል ከነማ ዋንጫውን ያነሳው ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ነው። በሰኔ 2022 ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ሲረቱም በባለሜዳነት የተጫወቱት ማላዊ ሄደው ሊሎንግዌ ላይ ነበር። ቤት ሳይኖርም ማሸነፍ ይቻላል ማለት ነው። ግን የመግቢያው ገቢስ? የሰፈሩ ሰውስ? በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ኳስ ማየት የጀመረው ልጅስ ወዴት ይሂድ? ኖሪስ ይህንን ጥያቄ በህይወቱ ሁለት ጊዜ ተጋፍጦታል። የሚገርመው ሁለቱን ጊዜ የሰጠው መልስ ለየቅል መሆኑ ነው።

ሄንሪ ጆርጅ ኖሪስ የተወለደው በሐምሌ 1865 ለንደን ውስጥ ኬኒንግተን በተባለ ሰፈር ከሰራተኛ ቤተሰብ ነው። በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ አንድ የህግ ጉዳዮች ቢሮ ተቀጠረ። እዛ 18 ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ነው በ1896 የቀለም ስራውን ትቶ ወደ ቤት ግንባታ የገባው። ከሸሪኩ ጋር ባቋቋመው አለን ኤንድ ኖሪስ በተባለው ድርጅት ፉልሃም ሰፈር ውስጥ ከ2 ሺህ በላይ ቤቶችን ሰርቷል። ቤት ሰርቶ የሚሸጥ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ቶሎ ይማራል። ሰው ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ በምን እንደሚሄድ፣ ኪሱ ውስጥ ስንት እንዳለ። ይህ ትምህርት በኋላ ለኳሱ ጠቅሞታል።

ወፍራም ሪዝና መነፅር ያለው፣ ቁጡ፣ የእሱን ሐሳብ የሚቃወም የማይወድ ሰው ነበር። በፉልሃም የአካባቢ አስተዳደር ውስጥ ገብቶ ከ1909 ጀምሮ ለአስር ዓመት የሰፈሩ ከንቲባ ሆኗል። ከዚያ በፊት ግን የፉልሃም እግር ኳስ ክለብ ዳይሬክተር፣ ቀጥሎም ሊቀመንበር ሆኖ ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው እዚሁ ፉልሃም ነው። ገስ ሚርስ የተባለ ባለሀብት ስታምፎርድ ብሪጅን ትልቅ የኳስ ስታዲየም ሊያደርገው አስቦ ተከራይ ክለብ ይፈልግ ነበር። ለፉልሃም በዓመት 1 ሺህ 500 ፓውንድ ኪራይ ጠየቀ። የፉልሃም ሜዳ ክሬቨን ኮቴጅ በወንዝ ዳር ያለ፣ ያኔ ብዙም ያልተሰራበት ሜዳ ስለነበር ሌላ ሊቀመንበር ቢሆን ኖሮ ዕቃውን ሸክፎ ይሄድ ነበር። ኖሪስ አልፈልግም አለ። ኪራዩ በዛበት። ይልቅስ ታዋቂውን የስታዲየም መሃንዲስ አርኪባልድ ሊችን አስጠርቶ የራሳቸውን ሜዳ አሰራ። ሚርስም ተከራይ ሲያጣ በ1905 የራሱን ክለብ አቋቋመ። ያ ክለብ ቼልሲ ነው። ቼልሲ በኪራይ አለመስማማት የተወለደ ክለብ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ፉልሃም በሳውዘርን ሊግ በ1906 እና በ1907 ተከታታይ ሻምፒዮን ሆኖ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ገባ። ዛሬም የሚጫወተው እዛው ክሬቨን ኮቴጅ ነው።

ከወንዙ ማዶ ያለው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ዉልዊች አርሰናልን በ1886 ያቋቋሙት በንጉሳዊው የጦር መሳሪያ ፋብሪካ ውስጥ የሚሰሩ ሰራተኞች ናቸው። በ1893 የእንግሊዝ ሊግን ሲቀላቀል ከደቡብ እንግሊዝ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። በ1904 ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን አደገ። ሜዳው ፕለምስቴድ ውስጥ የሚገኘው ማነር ግራውንድ ነበር። አጠገቡ በሚያልፈው ትልቅ የፍሳሽ ቱቦ ላይ ቆሞ በነፃ የሚያይ ሰው እንደነበረ ይነገራል። የእኛም አገር ደጋፊ ግንብና ዛፍ ላይ ሆኖ ማየትን ያውቅበታልና ይህ ብዙም አይደንቀውም።

ችግሩ ሜዳው የተተከለበት ቦታ ነው። ፕለምስቴድ ከመሃል ለንደን ሩቅ ነው። ባቡሩ ቀርፋፋ ነው፣ ከሌላ የለንደን ክፍል ተነስቶ እዛ ድረስ የሚሄድ ተመልካች ጥቂት ነው። ስለዚህ ክለቡ የሚኖረው በፋብሪካው ሰራተኛ ኪስ ነበር። በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ጊዜ ፋብሪካው ቅዳሜም ማሰራት ሲጀምር ተመልካቹ ሳሳ። ቼልሲና ቶተንሃም ለመሃል ከተማው ሰው በሚቀርብ ቦታ ላይ ሆነው ሊጉን ሲቀላቀሉ ደግሞ ባሰ። ጆርጅ ሊቪ የተባለው ሊቀመንበር ኪሳራውን ከራሱ ኪስ ሲሸፍን ቆይቶ በመጨረሻ አቃተው። በ1910 ክለቡ ለመፍረስ በቃ።

ኖሪስ ከጓደኛው ዊሊያም ሆል ጋር የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ያኔ የፉልሃም ሰው ነበር። መጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ ሁለቱን ክለቦች አዋህዶ አንድ ማድረግ ነበር። ሊጉ አይሆንም አለ። እሺ፣ ሁለቱም ክሬቨን ኮቴጅን በጋራ ይጠቀሙ አለ። ይሄም ተከለከለ። ጊዮርጊስና ቡና ለዘመናት አንድ ስታዲየም ሲጋሩ ያየ የአዲስ አበባ ደጋፊ በዚህ ሊስቅ ይችላል። እንግሊዞቹ ግን ነገሩን አደገኛ አድርገው ነው ያዩት። ኖሪስም ምርጫ ሲያጣ ቡድኑን ፕለምስቴድ ላይ ለማቆየት ተስማማና ያለ ውጤት ሦስት ዓመት ገፋ።

በ1912/13 ነገሩ ለየለት። ዉልዊች አርሰናል በ38 ጨዋታ ያሸነፈው 3 ብቻ ነው። ከነዚህ ውስጥ በሜዳው ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። 26 ጎል አግብቶ፣ በ18 ነጥብ የመጨረሻ ደረጃን ይዞ ወረደ። በባንክ የቀረው ገንዘብ 19 ፓውንድ እንደነበር ይነገራል። በዚያን ጊዜ እንኳ 19 ፓውንድ ለአንድ ክለብ ምንም ማለት ነው።

ኖሪስ ግን ቡድኑ ከመውረዱ በፊት አዲስ ሜዳ ሲፈልግ ከርሟል። ባተርሲንና ሃሪንጌይን አየና ተዋቸው። በመጨረሻ ዓይኑ ያረፈው ሃይበሪ ላይ ነው። ቦታው የቅዱስ ዮሐንስ የሥነ መለኮት ኮሌጅ መጫወቻ ሜዳ ነበር። የኖሪስን ልብ የሳበው ሳሩ አልነበረም። ከሜዳው አፍንጫ ስር በ1906 የተከፈተው ጊለስፒ ሮድ የተባለ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። ከመሃል ለንደን የተሳፈረ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ በሩ ላይ ይወርዳል። በዙሪያውም ቁጥር ስፍር የሌለው ህዝብ ይኖራል። ፕለምስቴድ የጎደለው ይህ ነበር፤ ቤት ሰሪው ኖሪስ ያየውም ይህንን ነው።

ወሬው ሲሰማ ግን ለንደን ታመሰ። ከፕለምስቴድ ሃይበሪ በቀጥታ ቢለካ 15 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ካለው መንገድ ያንሳል። ነገር ግን መሃሉ ላይ ቴምስ አለ፤ ለንደን ውስጥ ወንዝ ተሻገረ ማለት አገር ለቀቀ ማለት ነው። የዉልዊች ደጋፊዎች በአካባቢያቸው ጋዜጣ ላይ ብሶታቸውን ጻፉ። እነሱ ክለቡን ከፋብሪካ ደሞዛቸው ላይ ቀንሰው ያሳደጉ ሰዎች ናቸው፤ ለኖሪስ ግን ቁጥራቸው አልበቃውም። ቶተንሃምና ክላፕተን ኦሪየንት ደግሞ ደጃችን ድረስ መጥቶ ደጋፊያችንን ሊወስድ ነው ብለው አቤት አሉ። የሃይበሪ ነዋሪም በበኩሉ ሰፈራችን በኳስ ተመልካች ይረበሻል ብሎ ፊርማ አሰባሰበ፣ የኢዝሊንግተን አስተዳደርም ተቃወመ። ሊጉ ነገሩን ከመረመረ በኋላ አንድ ክለብ ወደፈለገበት እንዳይሄድ የሚከለክል ስልጣን የለኝም አለ። የአርሰናልና የቶተንሃም ጠብ ስሩ እዚህ ጋ ነው። ዛሬ በደርቢው ቀን ቡሬ ላይ ሁለት ጓደኛሞች የሚኮራረፉት በዚህ በ1913 ነገር መሆኑን ቢያውቁ ምን ይሉ ይሆን?

ኮሌጁ መሬቱን ለ21 ዓመት በ20 ሺህ ፓውንድ አከራየ። የቤተ ክርስቲያን መሬት ነውና ውሉ ላይ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሳይቀሩ ፈርመዋል። ግዴታም ነበረው። በስቅለትና በልደት ቀን ጨዋታ የለም፣ በሜዳው ውስጥ አስካሪ መጠጥ አይሸጥም። ክለቡ መሬቱን በ1925 በ64 ሺህ ፓውንድ ጠቅልሎ እስኪገዛው ድረስ እነዚህ ግዴታዎች አልተነሱም። አንድ ጊዜ የኪራይ ነገር ከፉልሃም ቤቱ እንዳይወጣ ያደረገው ሰውዬ አሁን ለኪራይ 20 ሺህ ከፈለ። ልዩነቱ ግልፅ ነው። ክሬቨን ኮቴጅ ዙሪያ ሰው ነበር፤ ማነር ግራውንድ ዙሪያ ግን ፋብሪካው ብቻ ነበር። ኖሪስ ለሜዳ ፍቅር ያለው ሰው አልነበረም። ፍቅር ቢኖረው ኖሮ ምናልባት ክለቡ ከፕለምስቴድ ጋር ይሞት ነበር።

አርኪባልድ ሊች እንደገና ተጠርቶ በጥቂት ወራት ውስጥ 9 ሺህ ሰው የሚይዝ ትሪቡን እንዲሰራ ታዘዘ። ስራው ሳያልቅ ውድድሩ ደረሰ። መስከረም 6 ቀን 1913 በሁለተኛ ዲቪዚዮን ከሌስተር ፎስ ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ 20 ሺህ ያህል ተመልካች ገባ። ትሪቡኑ ገና ግማሽ ነው፣ ተጫዋቾቹ የሚታጠቡበት ቧንቧ እንኳ ስላልነበረ በሳህን ቀዝቃዛ ውሃ ተለቃለቁ። አርሰናል 2 ለ 1 አሸነፈ። በሃይበሪ የመጀመሪያዋን የአርሰናል ጎል ያገባው ጆርጅ ጆቢ ተጎድቶ ሲወጣ የሚወስደው ነገር ጠፍቶ በሰፈሩ ወተት አዟሪ ጋሪ ላይ ተጭኖ ሄደ። እንዲህ ባለ አኳኋን ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ዋንጫ የተነሳበት ስታዲየም የተመረቀው። በዓመቱ ዉልዊች የሚለው ስም ተነስቶ ክለቡ አርሰናል ብቻ ሆነ።

እዛ ማዶ የቀረው ሰውስ? አንዳንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ እየተሻገረ ተከተለ። ሌላው ተወው። ማነር ግራውንድ ፈርሶ የኢንዱስትሪ ቦታ ሆነ። ደቡብ ምስራቅ ለንደን ለዓመታት ያለ ሊግ ክለብ ቆየ፤ ቻርልተን አትሌቲክ ሊጉን የተቀላቀለው በ1921 ነው። ይህ በኖሪስ ሂሳብ ውስጥ ያልተመዘገበ ዕዳ ነው። ዊምብልደን በ2003 ወደ ሚልተን ኬይንስ ሲወሰድ ደጋፊዎቹ እንደ ዉልዊች ሰዎች ደብዳቤ ጽፈው ዝም አላሉም። አስቀድመው በ2002 የራሳቸውን ክለብ አቋቁመው ከታችኛው ሊግ ጀመሩ፤ በ2020ም ወደ ድሮ ሰፈራቸው ፕላው ሌን ተመለሱ። የ1913ቱ ሰራተኛ ይህንን የማድረግ አቅም አልነበረውም።

ለኖሪስም ቢሆን ወዲያው አልሞላለትም። በመጀመሪያው ዓመት አርሰናል ሦስተኛ ሆነ፤ ከብራድፎርድ ፓርክ አቬኑ ጋር እኩል 49 ነጥብ ይዞ በጎል ስሌት ተበልጦ ሳያድግ ቀረ። ቀጥሎ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ሊጉ ተቋረጠ። የክለቡ ዕዳ 60 ሺህ ፓውንድ ገደማ ደርሶ ነበር። ኖሪስ በጦርነቱ ለወታደር ምልመላ ሲሰራ ቆይቶ በ1917 ሰር ተባለ፣ በ1918 ደግሞ የፓርላማ አባል ሆነ።

በ1919 ሊጉ ሲመለስ አንደኛ ዲቪዚዮን ከ20 ወደ 22 ክለብ ከፍ እንዲል ተወሰነ። ከጦርነቱ በፊት በመጨረሻው የውድድር ዘመን ቼልሲ 19ኛ፣ ቶተንሃም 20ኛ ነበሩ። ሁለቱ ይቆያሉ ተብሎ ሲጠበቅ ቼልሲ ብቻ ቆየና ለቀሪው ቦታ ምርጫ ተደረገ። አርሰናል በሁለተኛ ዲቪዚዮን 5ኛ የወጣ ቡድን ነው። ግን 18 ድምፅ አገኘ፣ ቶተንሃም 8። የሊጉ ፕሬዝዳንት ጆን ማኬና አርሰናል ለረጅም ዘመን የሊጉ አባል መሆኑን ጠቅሶ ተከራከረለት። ቆይታ ከተባለ ዎልቭስ በ1888 ሊጉን ከመሰረቱት አንዱ ነው፤ በዚያ ላይ ከአርሰናል በላይ 4ኛ ነበር የጨረሰው፤ ያገኘው ግን 4 ድምፅ ነው። ኖሪስ ከጀርባ ምን እንደሰራ ብዙ ተወርቷል፣ ጉቦ ነው የሚሉም ሞልተዋል። የተረጋገጠ ነገር ግን የለም። የተረጋገጠው አርሰናል ከዚያን ቀን ጀምሮ ከከፍተኛው ዲቪዚዮን ወርዶ አለማወቁ ነው።

ቀጥሎ ያሉት ዓመታት የጭቅጭቅ ናቸው። አሰልጣኙን ሌስሊ ናይተንን ከ1 ሺህ ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ተጫዋች እንዳትገዛ፣ አጭር ተጫዋችም እንዳታመጣ ብሎ እጁን አስሮ ያሰራው ነበር። ቡድኑ ከወራጅ ቀጠና አልራቅ ሲል በ1925 አባረረው። በቦታው ከሃደርስፊልድ ያመጣው ኸርበርት ቻፕማንን ነው። ይሄ ሁለተኛው ትልቅ ውሳኔው ነው፤ ቻፕማን ደግሞ እንደ ናይተን የሚታዘዝ ዓይነት አልነበረም። ቻርሊ ባካንን ከሰንደርላንድ ለማስመጣት 2 ሺህ ፓውንድ፣ በዚያ ላይ ለሚያገባው እያንዳንዱ ጎል 100 ፓውንድ ተከፈለ። ባካን በመጀመሪያ ዓመቱ ከ19 ጎል በላይ ስላገባ ለሰንደርላንድ ያዋጣ ሽያጭ ሆነ።

የኖሪስ መውደቂያም እዚሁ ዝውውር ውስጥ ነበር። በ1927 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር ምርመራ ከፈተ። ለባካን ከደንብ ውጪ በስውር ገንዘብ መሰጠቱ፣ የኖሪስ የግል ሹፌር ወጪ ከክለቡ ሂሳብ መከፈሉ ወጣ። የክለቡ አውቶብስ የተሸጠበት 125 ፓውንድም ወደ ሚስቱ የባንክ ሂሳብ ገብቶ ተገኘ። ስንት ሺህ ፓውንድ ያፈሰሰ ሰው በ125 ፓውንድ ተያዘ። እሱ ለክለቡ ካወጣው አንፃር ኢምንት ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ማህበሩ ግን ከእግር ኳስ አስተዳደር አገደው። ስሜ ጠፋ ብሎ ማህበሩን ፍርድ ቤት ገተረ፣ በየካቲት 1929 ተረታ። ወንበሩ ላይ ሳሙኤል ሂል ዉድ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ኖሪስ ከውጭ ሆኖ ያለፈ ነው። አርሰናል በ1930 ኤፍ ኤ ካፕን፣ በ1931 እና በ1933 ሊጉን ወሰደ። በ1932 ቻፕማን ባለስልጣኖቹን አሳምኖ ያቺ የጊለስፒ ሮድ ባቡር ጣቢያ አርሰናል ተባለች። ቻፕማን በጥር 1934 ሲሞት ቡድኑ ወደ ሌላ ሻምፒዮንነት እየገሰገሰ ነበር፤ ዋንጫውንም ወሰደ። ኖሪስ ያንን ካየ በኋላ ሐምሌ 30 ቀን 1934 በልብ ህመም በ69 ዓመቱ አረፈ።

ሃይበሪ ግንቦት 7 ቀን 2006 በዊጋን ላይ በተገኘ የ4 ለ 2 ድል ተዘጋ። ቲየሪ ሄንሪ ሦስቱን አስቆጥሮ ተንበርክኮ ሳሩን ሳመ። ሜዳው ወደ መኖሪያ አፓርታማ ተለወጠ። ያኔም ቤት እንልቀቅ አንልቀቅ የሚል ክርክር ነበር፤ ግን 38 ሺህ ሰው ከሚይዘው ወደ 60 ሺህ ሰው የሚይዘው ኤምሬትስ ያለው ርቀት በእግር የሚኬድ ነው፣ ወንዝም አያሻግርም። ከአዲሱ ስታዲየም ውጪ የቻፕማን፣ የቶኒ አዳምስ፣ የሄንሪ፣ የበርካምፕ፣ የኬን ፍራየር እና የቬንገር ሐውልቶች ቆመዋል። የኖሪስ የለም።